ጎጆውን ማን ባዶ አደረገው? ከሐይቅ ከተማ ዳር የተገኘ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ስለሆነ ነገር ነው። ተማሪዎች የወፍ ጎጆ ሊጠብቁ ተነሡ። ጎጆው ደጋግሞ ባዶ ሆነ። ሁሉም የየራሱን ተጠርጣሪ ያዘ፣ በዚያው ላይም ዘመተ። ወፎቹ ግን ማን እንደሚያሰጋቸው በየቀኑ እያሳዩ ነበር። ችግሩ ሰው የሚያዳምጠው ጩኸታቸውን ብቻ መሆኑ ነው።

የሰዎቹንም የትምህርት ቤቱንም ስም ትቻለሁ። እኔ ወደ ነገሩ የገባሁት የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን የሚመራው የባዮሎጂ መምህር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ስለሆነ ነው። የምኖረው ደሴ ነው። ሐይቅ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዞ ቁርስ እዚያ መብላት ይቻላል።

ቦታውና ወፎቹ

ሐይቅ ከደሴ ሞቅ ይላል። ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ያወልቃል። ቡናው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ዘይቱኑ ይበቅላል። የትምህርት ቤቱ አጥር ቅንጭብ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አትክልተኛው የሚንከባከባቸው ጥቂት የቡና፣ የዘይቱንና የፓፓያ ተክሎች አሉ። ከአጥሩ ውጭ የመብራት ሽቦ ያልፋል። ከቤተ መጻሕፍቱ የኋላ መስኮት ሆኖ ይህ ሁሉ ይታያል።

ጎጆ የሠሩት ቡልቡሎች ናቸው። ቡልቡል ቡናማ ወፍ ናት፤ ጭንቅላቷ ጠቆር ይላል፣ ጧት ጧት ከብዙዎቹ ቀድማ ትንጫጫለች። ከተማም ገጠርም አለች። ሁሉም አይቷታል፣ ስሟን የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ፍራፍሬም ነፍሳትም ትበላለች። ጎጆዋ በሣርና በቀጫጭን ሥሮች የተሠራ፣ ከላይ ክፍት የሆነ፣ በቅጠል መሐል የተሰካ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች። ሁለት ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች። ከላይ ክፍት የሆነ ጎጆ ከሰማይ ለሚመጣም ከመሬት ለሚወጣም አደጋ የተጋለጠ ነው። በዓለም ዙሪያ የትንንሽ ወፎች ጎጆ ሳይሳካ የሚቀርበት ዋናው ምክንያትም በአዳኝ መበላት ነው። ስለዚህ አንድ ጎጆ ባዶ መሆኑ ብቻውን ብርቅ አይደለም።

አትክልተኛው ቡልቡሎቹን አይወድም። ፓፓያው ገና ቢጫ ማለት ሲጀምር ይቦጫጭሩበታል። ክበቡ "ወፎቹን እንጠብቅ" ሲል ሳቀባቸው። "እሺ፣ እነሱን እናንተ ጠብቁ፤ ፓፓያዬን ደግሞ ማን ይጠብቅልኝ?" አለ። ቅሬታው ለጊዜው ቀልድ መሰለ። በኋላ ግን ቁምነገር ሆኖ ተገኘ፤ ወፎቹን የማይወድ ሰው በሥራው ላይ እያለ ወፎቹ እንዴት እንዳዩት ከሁሉም በላይ ያስተማረን ነገር ነበር።

ችግሩ

በልጉ ከጣለ በኋላ የመጀመሪያው ጎጆ ቡና ላይ ተሠራ። መምህሩ ለክበቡ ጥሩ ሥራ አገኘሁ አለ። በየቀኑ እንቁላል መቁጠር፣ መፈልፈላቸውን መመዝገብ፣ የጫጩቶቹን እድገት መከታተል። ሥራው ለአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተሰጠ። ልጁ ጠንቃቃ ነው፤ ደብተሩ ንጹሕ፣ ሰዓቱ የተከበረ። በእረፍት ሰዓት ይሄዳል፣ ቅርንጫፉን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ይስባል፣ ይቆጥራል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ይመለሳል። ወላጆቹ ወፎች ከራሱ በላይ ሆነው ይንጫጩበታል። ይህንን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ወፍ ጎጆው ሲነካ መጮኹ ያለ ነው።

እንቁላሎቹ ፈለፈሉ። ጫጩቶቹ ላባ ማብቀል ሳይጀምሩ ጠፉ። ጎጆው አልተቀደደም፣ አልተዘመመም፣ ደምም ላባም የለበትም።

እዚህ ላይ ምርመራው ተጀመረ፤ ከተባለ። ዘበኛው "ድመት ነው፣ ሌሊት በአጥሩ ሲዞር አየዋለሁ" አለ። አትክልተኛው "ወላሂ እባብ ነው፣ ድመት ቢሆን ጎጆውን ይበትነው ነበር" አለ። ተማሪዎቹ ቁራ ላይ ተስማሙ፤ ምክንያታቸው ቁራ ክፉ ስለሚመስል ነው። የአትክልተኛው ግምት ከሁሉም የተሻለ ነበር፤ ድመት ብዙ ጊዜ ጎጆ ያበላሻል። ግን የጎጆን ሁኔታ አይቶ አዳኙን መለየት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ድመትም አንዳንዴ ምንም ሳያዛባ ያወጣል። እባብም፣ ቁራም፣ ሌላ ወፍም ጎጆውን እንዳለ ሊተዉት ይችላሉ።

በመጀመሪያ የተሞከረው

ቡልቡሎቹ ብዙ አልቆዩም፤ ዘይቱኑ ላይ ሁለተኛ ጎጆ ሠሩ። ክበቡ በዚህ ጊዜ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። የዘይቱኑ ግንድ ቆርቆሮ ተጠመጠመበት፤ ድመት እንዳይወጣ። አጥሩ ላይ ፌስታል ተንጠለጠለ፤ ቁራ እንዲሸሽ። አትክልተኛው ደግሞ እባብ ተደብቆ ይሄድበታል ያለውን የዘይቱን ቅርንጫፍ መለመለው። ከሁሉ በላይ የተለፋበት ጉጉቱ ነው። ሁለት ተማሪዎች ከካርቶን ጉጉት ሠሩ፣ በአመድና በቡና ውኃ ቀቡት፣ ዓይኑን ቆርኪ አደረጉለት፣ ከጎጆው አንድ ሁለት ክንድ ራቅ አድርገው ሰቀሉት። ቆንጆ ጉጉት ነበር፤ ፎቶውን አይቼዋለሁ።

ወፎቹም ጉጉት ነው ብለው አመኑ። ችግሩም ይኸው ነበር። ጠዋቱን ሙሉ እየዞሩ ጮኹበት። የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። እናትየው እንቁላሏን መታቀፍ ትታ ከካርቶን ጋር ስትዋጋ ዋለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ጉጉቱ እንደማይንቀሳቀስ ሲያዩ ተዉት፤ አንዷ ጭንቅላቱ ላይ ቆማ ላባዋን ስታበጥር ታየች። የማይንቀሳቀስ ማስፈራሪያ ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው።

ልጆቹን አልወቅስም፤ ሐሳቡ በአዋቂም ዘንድ የተለመደ ነው። ግን ጎጆ አጠገብ የአዳኝ ምስል መስቀል የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የካናዳ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ሥራ ይህንን በደንብ ያሳያል። የዱር ድንቢጦችን ጎጆ በኤሌክትሪክ አጥርና በመረብ ከለሉ፤ ማንም አዳኝ እንዳይነካቸው። ከዚያ ለአንዳንዶቹ የአዳኝ ድምፅ፣ ለሌሎቹ የማያስፈራ እንስሳ ድምፅ በድምፅ ማጉያ አሰሙ። አንድም ጎጆ ሳይበላ፣ የአዳኝ ድምፅ የሰሙት ያሳደጉት ልጅ በ40 በመቶ ያነሰ ሆነ። የጣሉት እንቁላልም፣ የፈለፈለውም፣ የቀለቡትም ቀነሰ። ፍርሃት ብቻውን ይህን ያህል ያጎድላል።

የሁለተኛው ጎጆ እንቁላሎች ጠፉ። ቆርቆሮው በቦታው ነበር። ፌስታሉም ይወዛወዛል። ጉጉቱም እያየ ነው።

ከመስኮቱ ሆኖ ማየት

መምህሩ የደወለልኝ በዚህ ጊዜ ነው። ሄጄ ደብተሩን አየሁ። በጣም ጥሩ ደብተር ነው፤ ስንት እንቁላል፣ ስንት ሰዓት፣ አየሩ እንዴት ነበር። ስለ ወላጆቹ ወፎች ግን አንድ ቃል ብቻ ይደጋገማል፤ "ጮኹ"። መቼ ጮኹ፣ በማን ላይ፣ ወዴት እያዩ፣ የት ቆመው፣ የሚል የለም።

ስለዚህ ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነበር። ሦስተኛ ጎጆ ከተሠራ፣ ጎጆውን ሳይሆን ወላጆቹን እንይ። ከመስኮቱ ሆነን፣ መጋረጃው ግማሽ ተዘግቶ። በደብተሩ አራት ነገር ይጻፍ፤ ሰዓቱ፣ ግቢው ውስጥ ማን እንዳለ፣ ወፎቹ ምን እንዳደረጉና ወዴት እንዳዩ። መምህሩ ተስማማ። የልጁ ቆጠራ ግን ለጥቂት ጊዜ ይቀጥል አለ፤ የክበቡ ሪፖርት ላይ ቁጥር ይፈለጋል። ሦስተኛው ጎጆ እንደገና ቡና ላይ ሆነ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት።

ተማሪዎቹ ተራ ገብተው ተቀመጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ "ጮኹ" የሚለው ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ገባቸው።

ጭልፊት ከላይ ሲያልፍ ግቢው ባንድ አፍታ ጸጥ ይላል። አንዳንዴ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ሁሉም ቅጠል ውስጥ ይሰምጣል። ፒተር ማርለር የተባለ የእንስሳት ድምፅ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ይህንን አስረድቶ ነበር። ቀጭንና ቀስ ብሎ ጀምሮ ቀስ ብሎ የሚጠፋ ድምፅ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጭልፊቱ ይቸገራል። የሻከረና የተቆራረጠ ጩኸት ደግሞ ቦታውን ያሳብቃል። ይህኛው ሌሎችን ለመጥራት ይሆናል።

ድመቷ ስትመጣ የሚሰማው የሻከረው ነው። ቡልቡሎቹ ከሁለት ሦስት ቅርንጫፍ በላይ ሆነው፣ ከድመቷ ጋር እኩል እየሄዱ፣ ሳያቋርጡ ይንጫጩባታል። ሌሎች ወፎችም ያግዛሉ። ድመት የምታድነው ተደብቃ ነው፤ እንዲህ ታጅባ ስትሄድ አደኑ ያከትማል። አብዛኛውን ጊዜ ጆሮዋን አጥፋ ወደ ወጥ ቤቱ ትመለሳለች።

ቁራ ሲመጣ ጩኸቱ አጭር ነው። ከኋላው ሆነው እየተወረወሩ እስከ አጥሩ ማዶ ይሸኙታል።

እባብም መጣ። ያን ቀን ወፎቹ ቅርብ ወርደው፣ ክንፋቸውን በግማሽ ከፍተው፣ ሁለቱም አንድ ነጥብ ላይ አፍጥጠው ይርገበገቡ ነበር። በመስኮቱ የነበሩት ልጆች አትክልተኛውን ጠሩት። ዓይናቸውን ተከትሎ ሲያይ ቀጭን አረንጓዴ እባብ ቅንጭቡ ውስጥ ተጋድሟል። "አላልኩም?" አለ፤ ቀኑን ሙሉም ደገመው። እባቡ ግን ወደ ጎጆው አልደረሰም። ወፎቹ ገና ሩቅ ሳለ አይተውታል።

ወፎች አዳኙን ለይተው እንደሚጮኹ፣ ጫጩቶቹም ልዩነቱን እንደሚረዱ የሚያሳይ አንድ ግሩም ሥራ ከጃፓን አለ። ቶሺታካ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው ነው። የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ የሚፈለፍሉ ትንንሽ ወፎችን አጠና። ቁራ ሲመጣ ወላጆቹ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጮኻሉ፤ ጫጩቶቹ ወደ ጎጆው ወለል ዝቅ ብለው ይለጠፋሉ፣ የቁራው ምንቃር እንዳይደርስባቸው። እባብ ሲመጣ ድምፁ ሌላ ነው። ያኔ ጫጩቶቹ ዘለው ይወጣሉ፤ እባብ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ መለጠፍ አያድንምና። ድምፁን በቅጂ ሲያሰማቸውም ያንኑ አደረጉ።

ያልተመዘገበው ዝምታ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በመስኮቱ ከተቀመጡት አንዲት ተማሪ ደብተሩ ላይ እንዲህ የሚል ጻፈች፤ "ምንም የለም። ግን ወፏ አልገባችም።" መምህሩ ሊሰርዘው ነበር። እኔ ወደድኩት።

ከዚያ ሌሎቹም ተመሳሳይ ነገር ማየት ጀመሩ። እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንደኛዋ ቡልቡል አረንጓዴ አባጨጓሬ በምንቃሯ ይዛ ፓፓያው ላይ አረፈች። ጎጆው ቅርብ ነው። አልሄደችም። አባጨጓሬው ይንፈራገጣል፤ አልዋጠችውም፣ አልጣለችውም። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ወደ አጥሩ ማዶ ታያለች። ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ዘለለች። ከዚያ ጭራሽ ወደማይመለከታት የቡና ተክል ወረደች፣ በሥር በኩል ዞራ፣ ከታች ወደ ላይ ቅጠል ለቅጠል ወደ ጎጆው ገባች። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። የምታየው የመብራት ሽቦውን ነበር።

ሽቦው ላይ ሁልጊዜ የምትቀመጥ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለች፤ የወፍ መጻሕፍት ፊስካል ይሏታል። ጅራቷ ረዘም ያለ፣ የምንቃሯ ጫፍ ቆልመም ያለ ነው። ሽቦና እንጨት ጫፍ ላይ ተቀምጣ መሬቱን ትቃኛለች። ፌንጣ ትይዛለች። አንዳንዴ ያደነችውን እሾህ ላይ ሰክታ ታስቀምጣለች። የሌላ ወፍ ጫጩትም ትወስዳለች። ግቢው ውስጥ ሁሉም ይወዳታል፤ ታምራለች፣ ፓፓያ አትነካም። ተጠርጣሪዎች ሲዘረዘሩ ስሟን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ለምን አይጮኹባትም? አስቡት። ፊስካሏ ጎጆው የት እንዳለ አታውቅም፤ ቁጭ ብላ የምትጠብቀው እንቅስቃሴ ነው። ድመትን በጩኸት ማባረር ይቻላል። ከሩቅ ተቀምጣ የምታጠናን ወፍ ግን መጮኽ አያባርራትም፤ እንዲያውም "እዚህ ነው" ብሎ መንገር ነው። ስለዚህ ወላጆቹ መመላለስ ይቀንሳሉ፣ ይዘገያሉ፣ ይዞራሉ። ብዙ ወፎች አዳኝ ሲያዩ የምግብ ምልልሳቸውን እንደሚቀንሱ የታወቀ ነው። ደብተሩ የቆጠረው ጩኸት ስለሆነ ድመት ዋና ጠላት መሰለች። ከሁሉ የሚፈሩት በዝምታው ውስጥ ነበር።

ልጁና አትክልተኛው

ሌላው ግኝት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አትክልተኛው ዶማ ይዞ ከቡናው ሥር ይቆፍራል። ወፎቹ ዝም ብለው ይመላለሳሉ። ልጁ ግን ገና ከመማሪያ ክፍሉ ጥግ ሲታይ ጩኸት ይጀመራል። ሌሎች ተማሪዎች በዚያው መንገድ ሲያልፉ ማንም ግድ አይሰጣቸውም።

መጀመሪያ ዩኒፎርሙ ነው ተባለ። ሁሉም ያንኑ ዩኒፎርም ነው የለበሰው። ሌላ ተማሪ የእሱን ሹራብ ለብሶ ሄደ፤ ዝም። እሱ የአትክልተኛውን ባርኔጣና ካፖርት ለብሶ ብቅ አለ። ትንሽ ግራ የተጋቡ መሰሉ፣ ቀረብ ሲል ግን አወቁት። ግቢው በሳቅ ተሞላ፤ እሱ ግን አልሳቀም። "ቲቸር፣ ከእኔ በላይ ማን ተንከባከባቸው?" ብሎ ጠየቀ። አትክልተኛው ትከሻውን መታ አድርጎ "አብሽር፣ እኔ ስንት ጊዜ ረግሜያቸው ምንም አላሉኝም" አለው።

ይህ የእኛ ትንሽ ሙከራ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ ይደግፈዋል። ሞኪንግበርድ የሚባሉት ወፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ይፈለፍላሉ፣ ሰው በብዛት በአጠገባቸው ያልፋል፣ ከቁብ አይቆጥሩትም። ተመራማሪዎቹ አንድ ሰው በተከታታይ 4 ቀን ጎጆው አጠገብ ለ30 ሴኮንድ እንዲቆምና ጎጆውን እንዲነካ አደረጉ። ወፎቹ ያን ሰው በየቀኑ ከበለጠ ርቀት እያዩ ይነሡበት፣ ያጠቁት ጀመር። በ5ኛው ቀን ሌላ ሰው ሲመጣ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኑ። የለዩት ሰውየውን ነው። የሚጠሉት ሰው ሆኖ መገኘት ያን ያህል ፈጣን ነው።

ወፎች ጠላትን ከሌላ ወፍም ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጀርመናዊው ኤበርሃርድ ኩሪዮና ባልደረቦቹ ባደረጉት ሙከራ አንድ ወፍ ጉጉት አይቶ ይጮኻል። ሌላው ወፍ ጉጉቱን አያይም፤ በዚያው አቅጣጫ የሚታየው ምንም ጉዳት የሌለው እንግዳ ወፍ ነው። የሚጮኸው በዚያ ላይ መስሎት እሱም ያንን መጥላት ተማረ፣ ለሌላም አስተላለፈ። በፕላስቲክ ጠርሙስም ሞክረውታል፤ ጠርሙሱንም ጠሉት። እኛ ግቢ ውስጥም ልጁ ላይ የሚጮኹት ሁለቱ ቡልቡሎች ብቻ አልነበሩም፤ ጎረቤት የሆኑ ሌሎች ወፎችም መጨመራቸውን ደብተሩ ያሳያል።

ሁለቱ ነገር ሲገናኝ

ሦስተኛው ጎጆ ሁለት ጫጩት ነበረው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ልጁ እንደተለመደው ሄዶ ቆጠረ። ወላጆቹ ጮኹ። ፊስካሏ ሽቦው ላይ ነበረች። ልጁ ዞሮ ወደ ክፍሉ አመራ፤ ወላጆቹ እየጮኹ ተከተሉት፣ ከአጠገቡ አልራቁም። ያን ጊዜ ፊስካሏ ከሽቦው ወርዳ ፓፓያው ላይ አረፈች። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ቡናው ውስጥ ገባች። ስትወጣ ምንቃሯ ላይ ላባ ያላበቀለ ጫጩት ተንጠልጥሏል። በመስኮቱ የነበረችው ያችው "ምንም የለም" ብላ የጻፈችው ተማሪ ናት። ጮኸች፤ ወላጆቹም ተመለሱ፤ ፊስካሏ ሁለተኛውን አልወሰደችም።

ያለፉትንም ሁለት ጎጆዎች ያጠፋችው ፊስካሏ ናት ማለት አልችልም። እባቡም ሊሆን ይችላል። ድመቷም ሌሊት ምን እንደምታደርግ ማንም አላየም። የታየው ግን ይህ ነው፤ ወላጆቹ በጥንቃቄ የደበቁትን ቦታ የልጁ ጉብኝት በየቀኑ ያሳብቅ ነበር፣ ሰዓቱን ሳያዛንፍ። ጎጆው ጠባቂ ባጣበት ደቂቃም አዳኟ ቅርብ ነበረች። የዘይቱኑ ቅርንጫፍ መመልመሉም ለሁለተኛው ጎጆ አልረዳውም፤ ከሽቦው ወደ ጎጆው ያለውን እይታ ከፍቶታል።

የሠራውና ያልሠራው

ቆጠራው በዚያው ቀን ቆመ። ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው መንገድ ልጁ አላለፈም። ተማሪዎቹ ፊስካሏን በወንጭፍ እንምታት አሉ፤ መምህሩ ከለከለ፣ ልክም ነው። የአገሩ ወፍ ናት፣ እሷም ልጅ አላት፣ ግቢው ውስጥ ስንት ፌንጣ እንደምትበላም ልጆቹ ራሳቸው አይተዋል። አትክልተኛው የቡናውን ቅርንጫፍ እንዳይነካ ተለመነ። ሁለተኛው ጫጩት ላባ አወጣ፣ ከጎጆው ወጣ። በረረ ለማለት ያስቸግራል፤ ቅንጭቡ ውስጥ ወደቀና ወላጆቹ እዚያው ቀለቡት።

አንድ ጫጩት መዳኑ የአሠራሩን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። ዕድልም ሊሆን ይችላል። የሠራ የምለው ሌላ ነገር ነው፤ መንስኤውን ሳያውቁ መፍትሔ መደርደሩ ቀረ። ቆርቆሮው ለድመት ጥሩ ነው፣ ለሚበር ነገር ግን ምን ይሠራል? ፌስታሉ ግቢውን ከማቆሸሽ አላለፈም። ጉጉቱ ከጥቅሙ ጉዳቱ አመዘነ፤ አሁን ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ እዚያ ያምራል።

ሌላ ቦታ ቢሆን

ጎጆ የሚከታተል ክበብ፣ መምህር ወይም የቤት ባለቤት ከዚህ የሚወስደው ካለ፣ መጀመሪያ የምለው ወላጆቹን ተመልከቱ ነው። ጩኸቱን ብቻ አትቁጠሩ። ምግብ ይዛ የቆመች ወፍ፣ የዘገየች ወፍ፣ ዞራ የምትገባ ወፍ የሆነ ነገር አይታለች። ዓይኗን ተከተሉ። ብዙ ጊዜ አቅጣጫው ይገኛል፤ እባቡን ያገኘነውም እንደዚያ ነው።

ወደ ጎጆ መቅረብ የግድ ከሆነ ቀድሞ ዙሪያውን መቃኘት ያስፈልጋል። ቁራም ሆነ ሌላ አዳኝ ወፍ እያየ ከሆነ ይቆይ፣ ነገ ይደረግ። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ፣ አንድ ሰው መላክ ለሰው ይመቻል፤ ለአዳኙም ይመቻል። ጎጆው ጋ ሲደርሱ ቆሞ ከመመለስ አልፎ መሄድ ይሻላል፤ መንገዱ እዚያ ላይ እንዳያልቅ። እጅ ከመስደድ በስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየት ይበቃል። ብርድና ዝናብ ባለበት ሰዓት እናትየዋን ማስነሣት ጫጩቱን ማቀዝቀዝ ነው። ቁጥር ለሪፖርት ካስፈለገም በየቀኑ መሆኑ ግዴታ አይደለም።

ቅርንጫፍ መመልመል ከጎጆ ጊዜ ውጭ ይሁን። ይህ በግቢ አትክልት ብቻ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር ያለ ዛፍም ቢሆን ያው ነው።

አሁን ያለበት

ከአትክልተኛው ጋር ስምምነት ተደርጓል። ከፓፓያው የላይኛው ፍሬ ለወፎቹ ይተዋል፣ የታችኞቹ ገና ጥሬ ሳሉ በጆንያ ቁራጭ ይሸፈናሉ። ሽፋኑን የሚያስሩት የክበቡ ልጆች ናቸው። እሱ ግን አሁንም ይነጫነጫል።

ልጁ ክበቡን አልለቀቀም። ሥራው አሁን ድምፅ መቅዳት ነው፤ ከመስኮቱ ሆኖ፣ በስልኩ። የድመቱንና የቁራውን ጩኸት ለይቶ ማስቀመጥ ጀምሯል። ቡልቡሎቹ ክረምት እስኪገባ ድረስ ሲያዩት ይጮኹበት ነበር። ለሚቀጥለው በልግ ያወጡት ዕቅድ፣ እሱና አንድ አዲስ ተማሪ በየተራ ከሩቅ እንዲያልፉና ወፎቹ የሚያደርጉት ከመስኮቱ እንዲመዘገብ ነው። ወፎቹ ቀለበት ስላልታሰረላቸው ያንኑ ጥንድ ማግኘታቸውን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። መምህሩ ይህንንም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስጽፎታል።